የደወሏ ግማሽ ድምፅ

አረጋዊው ንጉሥ በዙፋን የተቀመጡበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፤ የጎዳና ፋኖሶች ገና በጋዝ በሚበሩበት፣ መኳንንቱ በሰረገላ፣ ነጋዴው በፈረስ በሚጎተት ባቡር፣ የቀረው ሕዝብ በእግሩ በሚሄድበት በዚያ ዘመን፤ ከወንዙ ማዶ ባለው የዋና ከተማው ሰፈር፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለ ፎቅ ውስጥ አንዲት ሴት ከመኝታዋ ተነሥታ ዝም አለች። ዝም ያለችው ተቆጥታ ወይም አዝና አልነበረም፤ የዚያን ዕለት ምሽት በንጉሣዊው የኦፔራ ቤት የምትዘፍን ስለ ነበረች ነው። በኦፔራ ቤቱ ደንብ፣ ዘፋኝ በሚዘፍንበት ቀን መጋረጃው እስኪከፈት ድረስ ከአፉ ቃል አያወጣም፤ ጉሮሮውን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ለብ ያለ ውሃ እየጠጣ፣ ሰላም ላለው ሁሉ ራሱን በመነቅነቅ እየመለሰ ይውላል።

ይህች ሴት የከተማው ሕዝብ «ደወል» እያለ የሚጠራት ዘፋኝ ናት። በልጅነቷ የወጣላት ስም ነበራት፤ ነገር ግን ከእናቷ በቀር በዚያ ስም የሚጠራት ስላልነበረ ለቀረው ዓለም ደወል ሆና ኖረች። ድምፅዋ ከጣሪያው ሥር ቆመው ለሚሰሙት ሠራተኞች እንኳ ጥርት ብሎ ይደርስ ስለ ነበር ነው ስሙ የተሰጣት። ከዚያ ከላይኛው ደርብ የማትጠፋው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ «ከፍ አድርጋ የለቀቀችው እንደሆን መብራቱ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ» እያለች ላልሰማው ሁሉ ታወራ ነበር።

ካልሰሙት ሰዎች አንዷ የዘፋኟ እናት ነበሩ። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ግን እንዲህ ነው። እናትየው በጉብዝናቸው ዘመን የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ስለ ሞተባቸው ልጃቸውን መጀመሪያ በጀርባቸው አዝለው፣ ኋላም ከጎናቸው አቁመው፣ በወንዙ ዳር ባለው የማጠቢያ ዳስ እጃቸው እስኪላጥ ሲያጥቡ ኖሩ። ልጅቷ ከእናቷ አፍ እየተቀበለች ስታንጎራጉር አንዲት የሙዚቃ መምህር በዚያ ሲያልፉ ሰምተው ወሰዷት፤ አስተማሯትም፤ የልጅቷ ድምፅ እያደገ ሲሄድ የእናቷ ጉልበት እየደከመ ሄደ። ልጅቷ የኦፔራ ቤቱ ቀዳሚ ዘፋኝ በሆነችበት ዓመት ወደዚህ ፎቅ ተዛወሩ፤ እናትየው ደረጃውን በገዛ እግራቸው ወጡት፤ ለመውረድ ግን እግራቸው እንቢ አለ።

አንድ ጊዜ ዳቦ ጋጋሪውና ጎረቤቱ አናጢ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ወደ ኦፔራ ቤቱ ሊወስዷቸው ሞክረው ነበር። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ወንበሩ ተቀረቀረና ወደ ታችም ወደ ላይም አልሄድ አለ፤ አናጢው መጋዝ አምጥቶ አንዱን የወንበር እግር እስኪቆርጠው ድረስ እናትየው አየር ላይ እንደ ተንጠለጠሉ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። ወደ አልጋቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዋሉ፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሡትም። ልጃቸው ያን የዞረ ጀርባ አልረሳችውም።

ታዲያ ቤቷ ውስጥ ለምን አትዘፍንላቸውም የሚል አይጠፋም፤ ይህን የሚል የዘፋኝን ሥራ የማያውቅ ነው። በኦፔራ ቤቱ ሙሉ ድምፅ የምሽት ነው፤ ጥዋት ጥዋት በሚደረገው ልምምድ ዘፋኙ በዘወትር ልብሱ ቆሞ ዜማውን በግማሽ ድምፅ ያልፈዋል፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዜማውን ወደ ታች ያወርደውና አንድ ጣቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ይኸውም ለሙዚቃው አለቃ፣ «ማታ እዚህ ጋ እወጣለሁ» ማለት ነው። አለቃው፣ ነጭ ሪዛቸው በጢስ የወየበ ቁጡ ሽማግሌ፣ በልምምድ ላይ ድምፁን የሚለቅ ወጣት ያገኙ እንደሆን ሙዚቃውን የሚመሩበትን ዘንግ ወርውረው፣ «ማታ ለሕዝቡ ምን ልታበላው ነው?» ይሉት ነበር። ደወል ይህን ሕግ እስከ ቤቷ ይዛው ገባች፤ ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ የእናቷን ፀጉር ስታበጥር ታንጎራጉራለች፤ ከዚያ አልፋ አታውቅም።

«ወተቱ ቀዘቀዘ እንዴ?» አሉ እናትየው በዚያን ዕለት ጥዋት ከአልጋቸው ሆነው።

ልጅቱ ስኒውን በማንኪያ ሁለት ጊዜ መታችው። በዝምታው ቀን አንድ ምት አዎ፣ ሁለት ምት አይደለም ነው።

«ያ የኦፔራ ቤቱ ከበሮ መቺ ሰውዬ አሁንም ያይሻል?»

ሁለት ጊዜ መታች።

«ዋሽተሻል። ቸኩለሽ ነው የመታሽው።»

ልጅቱ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። እናትየው ልጃቸው መመለስ በማትችልበት ቀን ነገር መጠየቅ ይወዱ ነበር፤ ለመሟገት እንደዚያ ያለ ቀን ከየት ይገኛል ይላሉ።

የማትዘፍንባቸው ቀናት ደግሞ የራሳቸው ደስታ ነበራቸው። ማልዳ ወርዳ በዳቦ ቤቱ የጓሮ በር ቆማ፣ ጋጋሪው ለእሷ ብሎ የሚያስቀምጠውን ጠርዙ የከረረ ዳቦ እንደ ጋለ ትቀበለዋለች፤ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች፣ እፍ እፍ እያለች ቆማ ትበላዋለች። ከዚያ በፈረስ የሚጎተተውን ባቡር ተሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳለች፤ እዚያም አትወርድም፤ ፈረሶቹ ውሃ ጠጥተው ወደ ሌላው ጫፍ እስኪታሰሩ ጠብቃ በዚያው ትመለሳለች። ዘወትር የሚያያት የባቡሩ ነጂ በመጀመሪያ አእምሮዋን ተጠራጥሮ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩን ለምዶት በመስኮቱ በኩል ያለውን መቀመጫ ይጠብቅላት ጀመር። ስትመለስ ወደ ጫማ ሰፊው ሱቅ ጎራ ትላለች፤ የምታስጠግነው ጫማ ባይኖራትም ደንበኞቹና ሰፊው ሲጨቃጨቁ መስማት ትወዳለች፤ የሰማችውን ሁሉ እስከ ድምፃቸው አወጣጥ ለእናቷ እያስመሰለች ታወራላቸዋለች። በእነዚህ ነገሮች ላይ ያሳለፈችውን ጊዜ ከጭብጨባው ጋር አታወዳድረውም ነበር፤ ሁለቱንም ትወዳቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ወጣ። የእልፍኝ አዛዡ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ኦፔራ ቤቱ መጥተው ዘፋኞቹን ሰብስበው፣ ለግርማዊነታቸው የሃምሳኛ ዓመት በዓል መታሰቢያ የመንግሥቱ ታላላቅ ድምፆች በሸክላ ተቀርጸው በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት እንዲቀመጡ መወሰኑን አስታወቁ፤ ቀጥለውም፣ «ከግርማዊነታቸው የተሰጠ ስጦታ ነውና፣ ሥራው ሲያልቅ ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ሸክላ ከነማጫወቻው ይላክላችኋል» አሉ። ከኋላቸው የቆመው ቀጭን ሰው ከጎረቤቱ መንግሥት የመጣ ባለሙያ ነበር፤ ድምፅ ሊሰበስብበት ይዞት በመጣው ትልቅ የቆርቆሮ መለከት ምክንያት ሠራተኛው ሁሉ ወዲያው «ባለ መለከቱ» አለው።

ደወል ያን ቀን ባቡር ሳትጠብቅ በእግሯ እየሮጠች ወደ ቤቷ ገባች።

«ሳጥኑ ምን ያህላል?» አሉ እናትየው፣ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ።

«የዱቄት ጣሳ ቢያህል ነው።»

«በደረጃው ያልፋል?»

«ያልፋል እማዬ።»

«መታጠፊያው ላይስ?»

«አንድ ሰው በትከሻው ይዞት ይወጣል።»

እናትየው ብርድ ልብሳቸውን እያስተካከሉ ጥቂት አሰቡ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እኔ ካልወረድኩ እሱ ይውጣ እንግዲህ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን የዞሩት ልጃቸው ዕንባቸውን እንዳታይ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደወል ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። የምትዘፍነውን መረጠች፤ የታሰረች ንግሥት ከወህኒ ቤት መስኮት ሆና የምታዜመው ዜማ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ብርጭቆዎቹን የሚያንጫጫው ከፍታ አለው። ያን ከፍታ እናቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙታል።

የቀረጻው ተራዋ የደረሰው ደመናማ በሆነ ጥዋት ነው። ቦታው ያው የዘወትሩ የልምምድ አዳራሽ ነበር፤ ድምፁ እንዳይበተን ግድግዳው ሁሉ በአሮጌ መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ጥቂት ሙዚቀኞች በጠባብ ቦታ ተፋፍገው፣ የአንዱ ክርን በሌላው ጎን ገብቶ ተቀምጠዋል፤ የሙዚቃው አለቃ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ሆነው ዘንጋቸውን ስለ ረሱ በጣታቸው ሊመሩ ተዘጋጅተዋል። ደወል የገባችው በዘወትር ቡናማ ቀሚሷ፣ ጫማ ሰፊው ባሳመረላት ጫማ ነው። ባለ መለከቱ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ትከሻዋን በትሕትና ያዝ አድርጎ በመለከቱ አፍ ፊት አቆማትና ድምፁ የሚቀረጽበትን ሰም ወደ ያዘው መሣሪያ ሄዶ እጁን አነሣ። አለቃው በጣታቸው ምልክት ሰጡ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሆነውን ነገር ከዚያ ሙያ ውጭ ያለ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ጥዋት ነበር፤ አዳራሹ የልምምዱ አዳራሽ ነበር፤ ሕዝብ የለም፤ የለበሰችው የዘወትር ልብሷን ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገላዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዜማውን በግማሽ ድምፅ ጀመረችው፤ ሙዚቀኞቹም እንደ ልማዳቸው ለስለስ አድርገው ተከተሏት፤ የንግሥቲቱን ሰቆቃ ሳህን እያጠበች እንደምታንጎራጉረው አድርጋ አለፈችው፤ ከፍታው ላይ ስትደርስ ዜማውን ወደ ታች አውርዳ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች፤ አለቃውም ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ሲያበቃ ባለ መለከቱ መሣሪያውን አቆመ።

ደወል ሻሿን ከአንገቷ ፈትታ አጠገቧ ለተቀመጠው ሙዚቀኛ ሰጠችና አየር ሳበች።

«እሺ ጌታዬ፣ ጉሮሮዬ ተሟሟቀልኝ። አሁን ልዝፈንልዎት።»

«እመቤቴ፣ ዘፍነው ጨረሱ እኮ» አለ ባለ መለከቱ ፈገግ ብሎ።

«ይሄማ ልምምድ ነው።»

«ድምፅዎ በሰሙ ላይ ተቀርጿል፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።»

ደወል ክው ብላ ወደ አለቃዋ ዞረች፤ እኚያ ለወጣት ሁሉ ዘንግ የሚወረውሩ ሽማግሌ አቀርቅረው ሪዛቸውን ያሻሉ። «እኔም ረስቼው ነበር ልጄ» አሉ። «ጣትሽን ስታነሺ እኮ ራሴን ነቀነቅኩልሽ። ሁላችንም ረሳነው።»

ባለ መለከቱ ግን ደስ ብሎት ነበር። ከቀረጻቸው ሁሉ የጠራው ይህ እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ድምፆች ሲመጡ መርፌው እየዘለለ ሥራውን እንደሚያበላሽበት፣ እሷ ግን መሣሪያውን ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ይመስል ለክታ እንደ ዘፈነችለት ነገራት። እሷ የምትሰማው አልነበረም። ሌላ ሰም እንዳለው ጠየቀችው፤ አብዛኛው በመንገድ ሙቀት አግኝቶት እንደ ቀለጠ፣ የተረፈው ደግሞ ለቀሩት ዘፋኞች እንደ ተደለደለ መለሰላት።

«እናቴ ናት የምትሰማው» አለችው።

ሰውየው ዐይን ዐይኗን አይቶ ፈገግታውን ተወው። «ከበዓሉ በኋላ አዲስ ሰም ይመጣልኛል፤ ያን ጊዜ ከሰው ሁሉ በፊት ከእርስዎ እጀምራለሁ። ቃሌ ነው» አላት። ቃሉን ለመጠበቅ አስቦ እንደ ነበር እኛም አንጠራጠርም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ እናቷ ትራስ ተደግፈው፣ ፀጉራቸውን ራሳቸው አበጥረው ይጠብቋት ነበር።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር እማዬ።»

«ሕዝቡ የሚያወራለትን ዘፈንሽው? ያን ብርጭቆ የሚያንጫጫውን?»

ዕለቱ የዝምታ ቀን አልነበረም። ሆኖም ደወል ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ማንኪያውን አንሥታ ስኒውን አንድ ጊዜ መታችው፤ በአፏ መዋሸት ስላልቻለች ነው። ቸኩላ ነበር የመታችው። እናትየውም መቸኮሏን አዩ።

በዓሉ ግን አልተከበረም። የከተማው ጎዳና በሰንደቅ ዓላማ ተሸልሞ፣ የክብር ዘቡ ሰልፍ ሲለማመድ፣ የጎረቤቱ መንግሥት ጦር በምሥራቁ ድንበር ጥሶ መግባቱ ተሰማ፤ ዐዋጅ ነጋሪው በየአደባባዩ ከበሮ እየመታ የክተት ዐዋጁን አነበበ፤ ለበዓሉ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ሳይወርድ ወጣቱ ከሥሩ እየተሰለፈ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ባለ መለከቱ የጠላት አገር ሰው ሆኖ ስለ ተገኘ ዕቃውን ሳይሰበስብ በወታደር ታጅቦ ድንበር ተሻገረ። የተቀረጹት ሰሞች አስቀድመው ከጦርነቱ ውጭ ወደ ነበረ አገር፣ ሸክላ ወደሚታተምበት ፋብሪካ ተልከው ስለ ነበር ተረፉ።

ኦፔራ ቤቱም ተዘጋ፤ ጥቂት ቆይቶም ወንበሮቹ ተነቅለው የቁስለኞች ማረፊያ ሆነ። የባቡሩ ፈረሶች ለጦሩ ተወሰዱ፤ ነጂውም አብሯቸው ሄደ፤ የዳቦው ቀለም እየጠቆረ መጣ። ደወል እንደ ሌሎቹ ወይዛዝርት ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ንግሥት ሆና ስትሞትበት በኖረችው መድረክ ላይ ፋሻ ስታጥብና ስትጠቀልል ትውል ነበር፤ ማጠቡን ማንም ሳያሳያት ነው የያዘችው። ነገር ግን ዛሬም ጉሮሮዋን በሻሽ ትጠቀልላለች፤ ዛሬም ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች፤ ዛሬም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰው አትጠራም። ቁስለኞቹ ዝፈኚልን ሲሏት በግማሽ ድምፅ ታንጎራጉርላቸዋለች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

በረዶ በሚጥልበት በክረምቱ አጋማሽ የኦፔራ ቤቱ በረኛ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ አመጣላት። ደወል በሩ ላይ ተቀብላው፣ አፏ ላይ ጣቷን አድርጋ ዝም እንዲል ለምናው፣ ሳጥኑን በቀስታ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደበቀችው። ውስጡ ያለው ግማሽ ነው። እናቷ ይህን ያህል ዘመን ጠብቀው፣ የሚሰሙት ከጓዳ ሲሰሙት የኖሩትን መሆኑ አሳፈራት። ጦርነቱ ሲያልቅ ሙሉውን አስቀርጻለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ሸክላውን የሚያመጣው መርከብ ዘግይቷል እላታለሁ ብላ ቆረጠች።

ያልገባት ነገር እናቷ ከአልጋቸው ሳይነሡ የዚያን ሕንፃ ደረጃ በጆሯቸው የሚያውቁ መሆናቸው ነው።

በአንድ የእረፍት ቀን ረፋድ ላይ፣ ደወል ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው፣ «ሳጥኑን መቼ ነው የምትከፍችው?» አሉ።

ማበጠሪያው ቆመ። «የምን ሳጥን?»

«በረኛው ያመጣውን ነዋ። እያረፈ ነው የወጣው፤ መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን መታው። ከባድ ነገር ይዟል አልኩ። አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም ስትይ ዝም አልኩ።»

ደወል ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ያን ጥዋት የሆነውን፣ ቀሚሱን፣ ጣቷን፣ የአለቃዋን ራስ መነቅነቅ፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። «ግማሽ ነው እማዬ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ የጠበቅሽው አይደለም። ጦርነቱ ይለቅ እንጂ ሙሉውን አመጣልሻለሁ።»

«ሙሉው የት ነው ያለው?»

«ማለት?»

«ኦፔራ ቤቱ ተዘግቷል። ንጉሡ ጦር ሜዳ ናቸው። ያ ቁጡ ሽማግሌም ታሟል ብለሽኛል።» እናትየው የልጃቸውን ሻሽ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። «አሁን ለማን ነው የምታስቀምጭው?»

ደንቡን የሚያከብር ሌላ ሰው እንደሌለ፣ ጠባቂው እሷ ብቻ እንደ ቀረች ያን ጊዜ ለደወል ገባት፤ ባከነ ያለችው ዘመን ሁሉ ፊቷ ላይ መጣና አንገበገባት። ተነሣች። ሻሿን ፈታች። በዚያ ሽንኩርትና ሳሙና በሚሸትት ጠባብ ክፍል፣ በቡናማ ቀሚሷ፣ በረፋድ ብርሃን፣ የታሰረችውን ንግሥት ዜማ በሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው።

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች ተንጫጩ፤ ከታች ዳቦ ጋጋሪው አካፋውን ይዞ ባለበት ቆመ፤ በጎዳናው የሚያልፉ ቀና አሉ። ከፍታው ላይ ስትደርስ እናትየው የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዐይናቸው ፈጥጦ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«የሚያወሩት እውነት ነው ለካ» አሉ ሲያበቃ፤ ጉንጫቸው ርሷል። «እኔ እኮ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ስለምትወደኝ የምታጋንንልኝ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ ሆድ ነው ይሄ የወጣው?»

«ካንቺ ሆድ ነው እማዬ።»

«ደስ አለኝ። እንኳን ሳልሞት ሰማሁት።» ዐይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «አሁን ደግሞ ሳጥኑን ክፈችው።»

«ከዚህ በኋላ? ምን ይሠራልሻል?»

«ክፈችው ነው የምልሽ።»

ከፈተችው። ሸክላው ጥቂት ካንሿሿ በኋላ የራሷ ድምፅ ከሩቅ ቦታ፣ ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ መጣ። ደወል በኀፍረት ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች። ጥቂት ቆይታ ዘወር ብላ አየች። እናትየው ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ እጆቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም እጆች በዜማው ልክ ወዲህና ወዲያ እየሄዱ ብርድ ልብሱን በቀስታ ያሻሉ፤ ልክ በማጠቢያው ዳስ፣ በድንጋዩ ላይ ልብስ እንደሚያሹት።

«ይቺ የእኔዋ ናት» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «ያችኛዋን ዛሬ አወቅኳት፤ ታላቅ ሴት ናት። ይቺ ግን ልጄ ናት።»

ዜማው ወደ ታች በወረደበት ቦታ ላይ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «እዚህ ጋ ምን ሆንሽ? ጎደለ።»

«እዚህ ጋ ጣቴን አነሣለሁ» አለች ደወል፤ አንሥታም አሳየቻቸው። «እወጣለሁ ማለት ነው።»

ከዚያን ቀን በኋላ በየጥዋቱ ልጃቸው ወደ ቁስለኞቹ ከመሄዷ በፊት ሸክላውን እንድታጫውትላቸው ይጠይቁ ነበር፤ በአፏ እንድትዘፍንላቸው ግን ዳግመኛ አልጠየቋትም። ደወል በመጀመሪያ ከፋት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የደከመችበትን ትተው ሳትለፋ ያንጎራጎረችውን መምረጣቸው ክብሯን ነካት። ከዚያ ቅሬታው እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ። ያ ጎዶሎ ቦታ ሲደርስ እናትየው ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ጣታቸውን ያነሡ ነበር፤ እሷም በሩ ላይ ኮቷን እየቆለፈች የራሷን ታነሣለች፤ ተያይተው ይስቃሉ። እናትየው በረዶው ከመሟሟቱ በፊት ዐረፉ።

ጦርነቱ አለቀ፤ አረጋዊው ንጉሥ ሞቱ፤ ኦፔራ ቤቱ በወራሹ ዘመን እንደገና ተከፈተ። ደወል ጥቂት ዓመታት ዘፈነች፤ ከዚያም ለሌሎች ቦታ ለቀቀች። ከመልቀቋ በፊት ሌላ ባለ መለከት፣ የተሻለ መሣሪያ ይዞ መጥቶ፣ ያ የድሮው ሸክላ ስለማይመጥናት በሙሉ ድምፅዋ እንድትቀረጽ ለምኗት ነበር።

«ድምፄ ተይዟል ጌታዬ» አለችው። «እናቴ ሰምታ ወድዳዋለች።» ሰውየው ትቀልዳለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ግን ኮቷን ለብሳ ወጣች፤ ያን ጊዜ ፈረሶቹ ቀርተው በኤሌክትሪክ ይሄድ የነበረውን ባቡር ተሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች።

ዛሬ ድምፅዋን በጆሮው ሰምቶ በሕይወት ያለ ሰው የለም። የዘመኑን ሙዚቃ የሚመረምሩ ሊቃውንት ያችን አንዲት ሸክላ ደጋግመው ያደምጣሉ፤ ስለ እርሷም በየመጽሐፋቸው ጽፈዋል። ድምፅዋ አነስተኛ፣ ለሳሎን እንጂ ለትልቅ ቲያትር የማይበቃ እንደ ነበር፤ ደወል የሚለው ቅጽል ስም ሕዝቡ ለሚወደው ሰው የሰጠው ማጋነን እንደሆነ ያስረዳሉ። በተለይ በዜማው መጨረሻ፣ ሌሎች ዘፋኞች ከፍ በሚሉበት ቦታ ላይ እርሷ ዝቅ ማለቷን እንደ ማስረጃ ይጠቅሱና፣ አቅሟ እንዳልፈቀደላት ይደመድማሉ። የሰሙት ያችን ሸክላ ብቻ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። በዚያ ቦታ ላይ ጣቷን ወደ ላይ አንሥታ እንደ ነበር፣ አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢም እስኪያርፉ ድረስ በየጥዋቱ ከብርድ ልብስ ውስጥ ጣታቸውን ያነሡላት እንደ ነበር የጻፈ የለም።